ፊልተር ያረፈበት ፎቶ የማን ሥራ ነው?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል።

ባለፈው ነሐሴ ከሥራ ወጥቼ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት በቆሎ ጠባሽ አየሁ። መሽቷል። ዝናቡ ያካፋል። ሴትዮዋ ጥቁር ዣንጥላ ይዛለች፤ የያዘችው ግን ለራሷ ሳይሆን ለከሰሉ ነው። የራሷ ጀርባ እየራሰ እሳቱን ታስጠልላለች። አስፈቅጄ በስልኬ አነሳኋት። በቆሎም ገዝቻለሁ፣ እንዳትታዘቡኝ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ላይ ካሉት ፊልተሮች አንዱን ጫንኩበትና መሥሪያ ቤታችን ላዘጋጀው የፎቶ ውድድር ላክሁት። ፊልተሩን መርጦ ለመጫን ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሦስተኛ ወጣሁ። ፔርሙዝ ተሸለምኩ።

በማግሥቱ ምሳ ላይ አንድ ባልደረባዬ፣ ፔርሙዙ የሚገባው ፊልተሩን ለሠራው ሰው ነው፣ አንተማ ጣትህን ነው ያንቀሳቀስከው አለኝ። ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ግን ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። ተዘጋጅቶ የመጣ ፊልተር የተጫነበት ፎቶ የፈጠራ ሥራ ይባላል ወይ? እኔ ይባላል ባይ ነኝ። ፎቶውን ከሥር ለጥፌዋለሁ። ስድብ በልክ ይሁን።

መልሶቹ

መልሱ 34 ደርሷል። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ምን እንደተባለ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ ቁጥሩን እየጠራሁ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የራሴንም ጣል አደርግበታለሁ፤ የውይይቱን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ቁጥር 1 እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረና በቆሎው ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ነገርኩት። ተወደደ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

ቁጥር 2 ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ ነው። ጨዋ ሰው። ፎቶው ደስ እንዳለው ተናግሮ ፊልተሩን ግን ተሰፍቶ ከተሰቀለ ሱፍ ጋር አመሳሰለው። ገዝተህ ለብሰህ ብታምርበትም ልብስ ሰፊ አትባልም ነው ነገሩ። ያው ፊልተር በስንቱ ሰው ስልክ ላይ አለ፤ የኔን በቆሎ ጠባሽም የሌላውን ሰው ድመትም በአንድ ዓይን ያያል። ለሱ ፈጠራው ፎቶው ሲነሳ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጌጥ ነው።

ቁጥር 3 እህታችን በማጀት በኩል ገባች። በርበሬ ከሱቅ ገዝታ ዶሮ ወጥ የሠራች ሴት ባለሙያ አይደለችም ሊባል ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ቁሌቱን ያቁላላችው፣ በርበሬው መቼ እንደሚገባና ስንት ማንኪያ እንደሚበቃው ያወቀችው እሷ ናት። ወጡ ሲጣፍጥ በርበሬ ሻጩን ጠርቶ የመረቀ ሰው የለም። ይህ ነገር ለኔ በጣም ስለተመቸኝ ወዲያው ላይክ አደረግሁ።

ቁጥር 4 ብዙ ያነበበ ሰው ይመስላል። ፊልተር ዛሬ ስልክ ውስጥ ገባ እንጂ ድሮ ሌንስ ፊት የሚገጠም መስታወት እንደነበር አስታወሰን። ምሳሌ ያደረገው አሜሪካዊውን ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስን ነው። ሰውዬው በ1927 ዮሴሚቲ ውስጥ ሃፍ ዶም የሚባለውን ቋጥኝ ሊያነሳ ተራራ ወጣ። ሁለት ፕሌት፣ ማለትም በፊልም ፈንታ ፎቶ የሚነሳበት መስታወት፣ ብቻ ቀርቶታል። አንዱን በቢጫ ፊልተር አነሳና የተሰማው ነገር እንደማይወጣለት ገባው። በመጨረሻዋ ፕሌት ደማቅ ቀይ ፊልተር ገጠመ። ሰማዩ ጥቁር ሊሆን ጥቂት ቀረው፤ ቋጥኙ አስፈሪ ሆኖ ወጣ። ያን ቀን ሰማዩ እንዲህ ጥቁር አልነበረም። ታዲያ ይህ ጥበብ ከተባለ የስልኩ ለምን አይባልም ነው የቁጥር 4 ጥያቄ።

ከ5 እስከ 7 ያለውን ዝለሉት። የሱቅ በርበሬ ውስጥ ምን ይቀላቀላል የሚል ጭቅጭቅ ነው። ቁጥር 6 የእናቷን አቀማመም አንድ በአንድ ጽፋለች። እውነቱን ለመናገር ከክርክሩ ሁሉ ገልብጬ ያስቀመጥኩት እሱን ነው።

ቁጥር 8 ወደ ተራራው መለሰን፣ ቁጥር 4ንም አረመው። አዳምስ ቀዩን መስታወት የገጠመው ከማንሳቱ በፊት ነው፤ ፎቶው መጀመሪያ ጭንቅላቱ ውስጥ ታየው፣ መሣሪያውን የመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን አንስቼ ጨርሼ፣ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ከተደረደረው ውስጥ ዓይኔን የሳበውን ነካሁ። የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፣ የኔው ሎተሪ ነው አለ። ሎተሪ ያላት ነገር ቆንጠጥ አደረገችኝ።

ቁጥር 9 ደግሞ አራሚውን አረመ። አዳምስ በ1941 ኒው ሜክሲኮ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳት ዝነኛ ፎቶ አለችው። የዚያችን ፎቶ ኔጋቲቭ፣ ሕትመቱ የሚወጣበትን ፊልም ማለት ነው፣ በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግሞ አትሟታል፣ ሰማዩም እያደር ጠቁሯል። ስለዚህ በኋላ የተደረገ ነገር አይቆጠርም ማለት አያስኬድም። ሰውዬው ወጣትነቱን በፒያኖ ያሳለፈ ስለነበር ኔጋቲቩን ከተጻፈ ዜማ፣ ሕትመቱን ከጨዋታው ጋር ያመሳስለው ነበር። አንድ ዜማ ስንቱ ይጫወተዋል፤ እንደ ተጫዋቹ ግን ይለያያል።

እስከዚህ ድረስ መከባበር ነበር። ቁጥር 10 መጣና አደፈረሰው። የመታወቂያ ፎቶ የመሰለ የበቆሎ ጠባሽ ፎቶ አንስተህ ከአንሰል አዳምስ ጋር ማዕድ ትቀርባለህ ወይ ዓይነት ነገር ነው የጻፈው፤ ለስለስ አድርጌ ነው የምነግራችሁ። ፎቶው ቀሽም ነው፣ ብርቱካንማው ቀለም ካፌ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው፣ ደግሞ ለከሰሉ የተያዘ ዣንጥላ ብለህ ያወራኸው ተረት ነው፣ ዣንጥላ የሚባል ነገር አይታየኝም አለ። ሙድ እየያዘብኝ ነው ብዬ አለፍኩት። ይህቺን ዣንጥላ ግን ያዙልኝ።

ቁጥር 11 በጣም አጽናናኝ። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣው ፎቶ አንሺ ዴመን ዊንተር አፍጋኒስታን ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮችን በአይፎን፣ ሂፕስታማቲክ በሚባል መተግበሪያ አንስቶ ነበር። መተግበሪያው ፎቶውን የድሮ ፊልም አስመስሎ የሚያወጣ ነው። በ2011 ፒክቸርስ ኦፍ ዘ ይር በሚባለው ትልቅ ውድድር ሦስተኛ ወጣበት። ሦስተኛ! ልክ እንደኔ። የፎቶ ጋዜጠኞች ዓለም ተተራመሰ። ቀለሙን የመረጠው መተግበሪያው ከሆነ ሽልማቱ የማን ነው ተባለ። አያችሁ፣ የባልደረባዬ የምሳ ሰዓት ጥያቄ ከኛ በፊት አፍጋኒስታን ደርሶ ተመልሷል። ፔርሙዝ የሸለሙት ግን አይመስለኝም።

ቁጥር 12 ይሄ ይለያል አለ። ዜና ላይ ቀለም መጫን አንባቢን መዋሸት ነው ባይ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ በየካቲት 1982 ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች እንዲያመቸው አቀራርቦ እንዳተማቸውና ነገሩ ሲታወቅ ብዙ እንደተወቀሰ አመጣ። ቁጥር 13 ይህን ሲያይ ሁላችንንም ገሠጸን። ሁለት ጥያቄ እየቀላቀላችሁ ነው አለ። ፎቶው እውነት ነው ወይ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ጥበብ ነው ወይ የሚለው ሌላ። ልብ ወለድ እውነት ስላልሆነ ጥበብ አይደለም ያለ የለም። እኔ ክርክሩ እዚህ ጋ አለቀ ብዬ ቡና ላፈላ ተነሳሁ። ተመልሼ ስመጣ አራት መልስ ተጨምሯል።

ቁጥር 14 ቃሉን ራሱን ያዘው። በኛ ቋንቋ ጥበብ ማለት ቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚሸመነው ሐረግም ነው። ሽሮ ሜዳ ሂዱና እዩ፣ አንዱ ቀሚስ ላይ ያለው ጥበብ ሌላውም ላይ አለ። ሸማኔው ሁልጊዜ ከባዶ አይነሳም፤ የታወቀውን ይዞ ክሩን ይመርጣል፣ ስፋቱን ይወስናል፣ ያዘዘችው ሴት የምትለውን ይሰማል። ስሙን ያገኘነው ከሚደጋገም ነገር ላይ ነው ለማለት ነው። ደስ የሚል አባባል ነበር። ቁጥር 15 ግን አልማረውም። ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ስንት ቀን የሚለፋበትን ነገር ከሁለት ደቂቃ ጨዋታ ጋር ማነጻጸር ነውር ነው አለ። አያቱ ሸማኔ ነበሩ፤ ወገባቸውን እያመማቸው ነው የሞቱት። ከዚህ በኋላ የሚመልስለት ጠፋ። እኔም ዝም አልኩ፣ የጥበብ ልክ የሚለካው በወገብ ሕመም ነው ወይ የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ እያለ።

ቁጥር 16 የጻፈችው ከባሕር ማዶ ነው። እናንተ ጥበብ ነው አይደለም ትላላችሁ፣ እኔ የምጠይቀው ፊልተሩ ውስጥ ያለው ዓይን የማን ነው አለች። ፊት የሚያሳምሩትን ዓይነት ማለቷ ነው። ጠይም ፊቷን ያነጡታል፣ አፍንጫዋን ያቀጥኑታል፣ ጉንጯን ያለሰልሱታል። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ፎቶ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ላከች። እናትየው ደውለው ያሉት አማረብሽ አይደለም፤ አሞሽ ነበር ወይ ነው። ነገሩ ዛሬ እንዳልጀመረም ነገረችን። የፊልም ኩባንያው ኮዳክ ለየፎቶ ላቦራቶሪው ቀለም ማስተካከያ ይልከው የነበረው ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ሸርሊ ካርድ ይባላል። ቀለሙ የሚስተካከለው የሷ ቆዳ እስኪያምር ድረስ ነው። ጥቁር ሰው ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ቢወጣ የማንም ራስ ምታት አልነበረም።

ይህቺ መልስ ትልቅ ነገር ነካች ብዬ አስባለሁ። ፊልተር ባዶ ዕቃ አይደለም። አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲህ ነው የሚያምረው ብሎ ወስኗል። እኛ የምንጭነው የሱን ውሳኔ ነው።

ቁጥር 17 ግን ፈረንጅ ላይ ብቻ አታላኩት ብሎ ቆጣ አለ። እዚሁ ፎቶ ቤት ገብቶ ቀላ አድርገህ አውጣኝ የማይል ማን ነበር? የጉርድ ፎቶ ቡግር ሳይቀር ይጠፋ ነበር አለ።

ይህን ሲያነቡ ነው አንድ ትልቅ ሰው ቁጥር 18 ሆነው የገቡት። በደርግ ጊዜ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ሪታች፣ ማለትም ፎቶን በእጅ የማሳመር ሥራ፣ ይሠሩ ነበር። ከዚህ በፊት እዚህ ጽፈው አያውቁም፤ ልጃቸው ናት የምትተይብላቸው። የሳቸውን በርዘም ልንገራችሁ፣ ክሩን የለወጠው እሱ ነው።

ጠረጴዛቸው እንደ አትሮንስ ያዘነበለ ነበር። መሐሉ ላይ መስታወት አለ፣ ከሥሩ መብራት። ኔጋቲቩን መስታወቱ ላይ ያስቀምጡታል። ኔጋቲቭ ላይ ሁሉ ነገር የተገለበጠ ነው። ፊት ላይ የጠቆረው፣ ሽብሽቡና የዓይን ሥሩ፣ እዚያ ላይ ባዶና ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ይታያል። እርሳሳቸውን በብርጭቆ ወረቀት እየሳሉ እንደ መርፌ ያሾሉታል። ከዚያ ያንን ባዶ ቦታ በደቃቅ ነጥብና ጭረት ይሞሉታል፤ እያንዳንዱ ጭረት ነጠላ ሰረዝ ያክላል፣ አንዱ ባንዱ ላይ መውጣት የለበትም። የሞሉት ቦታ ሲታተም ነጣ ብሎ ይወጣል። ሽብሽቡ ሄደ ማለት ነው። ትንፋሽ ይያዛል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ፊቱ ላይ ነጭ ጠባሳ ይተክላሉ። ደንበኛው ይሄኔ ውጪ ወንበር ላይ ሆኖ መቼ ነው የሚደርሰው ይላል።

አንድ ታሪክ አጫወቱን። አንዲት እናት ከገጠር መጥተው ፎቶ ተነሱ፤ ልጃቸው ነው ያመጣቸው። አንገታቸው ላይ የተነቀሱት ንቅሳት አለ። ልጁ ለብቻ መጥቶ ንቅሳቱን አጥፉልኝ አላቸው። ትንሽ ቆይቶ እናትየዋ ዘወር ብለው መጡና ንቅሳቴ በደንብ ይታያል አይደል ብለው ጠየቁ። ጋሼ ማንን ሰሙ? ሁለት ሕትመት አወጡ። አንዱን ለልጁ፣ አንዱን በፖስታ ለብቻ ለእናቱ። የሁለተኛውን ዋጋ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት፤ የፎቶ ቤቱ ባለቤት አልሰማም።

ለጥያቄዬ ግን በቀጥታ አልመለሱም። በዚያ ሁሉ ዓመት አርቲስት ብሎ የጠራቸው እንደሌለ፣ ሕትመቱ ጀርባ ላይ የሚመታው ማኅተም የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ብቻ ነገሩን። ሰው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ሲያዩ ግን የሳቸው እጅ ያረፈበትን ይለዩት ነበር። በምን? ባልነኩት ነገር። ሌላው ሠራተኛ ሁሉንም ያለሰልሳል፤ እሳቸው ሰውዬውን ሰውዬው የሚያደርገውን አንዷን መስመር ይተዋሉ።

ከዚህ በኋላ ተሳዳቢው ሁሉ አደብ ገዛ። 19 እና 20 እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥልን ናቸው። 20 ጨምራ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ስላነሱት አርመኖች፣ ስለ ቦያጂያን ቤተሰብ የሚያውቁት ነገር ካለ ጠየቀቻቸው። ቁጥር 10 ሳይቀር ጋሼ እያለ መጻፍ ጀመረ። እኔን ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ ይሁን።

ቁጥር 21 ወደ ሠርግ አንሺው ወደ ቁጥር 2 ዞረ። አንተ ለአንድ ሠርግ ስንት ሺህ ፎቶ ታነሳለህ፣ አንድ በአንድ ነው የምታቀልመው ወይስ ፕሪሴት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ የቀለም ማስተካከያ፣ አለህ ብሎ አፋጠጠው። ቁጥር 2 አልካደም። ፕሪሴት አለው፣ ራሱ የሠራው ነው፣ ጭኖበት ሲያበቃ ግን እያንዳንዱን ያያል። ነጭ ቬሎ ላይ ደህና የሆነው ለካባ አይሆንም። ታማኝ መልስ ነው።

22 እና 23 ሕግ አመጡ። በኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ፎቶን እንደ ሥራ ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ግን ለ25 ዓመት ነው፤ ለደራሲ ሲሆን ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ቁጥር 22 ይህን የጻፈው በቁጭት ነው፤ ሕጉም ግማሽ አርቲስት ነው የሚያደርገን አለ። ቁጥር 23 የ1884 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳይ አነሳ። ሳሮኒ የሚባል ፎቶ አንሺ ኦስካር ዋይልድን አነሳ። አንድ ማተሚያ ድርጅት ፎቶውን አባዝቶ ሸጠውና ሲከሰስ፣ ፎቶ የማሽን ሥራ ስለሆነ ደራሲ የለውም ብሎ ተከራከረ። ተረታ። አቀማመጡን፣ ልብሱን፣ ብርሃኑን የወሰነው ሳሮኒ ነውና ሥራው የሱ ነው ተባለ። እንግዲህ ፊልተሩ ነው የሠራው የሚለው የኔ ባልደረባ ከ140 ዓመት በፊት የተረታ ክርክር ነው የያዘው ማለት ነው። ይህንን ምሳ ላይ ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር።

ቁጥር 24 የራሳችንን ልጅ ግርማ በርታን ጠራ። የአዲስ አበባን መንገደኞች፣ ሊስትሮውን፣ አዟሪውን፣ በስልኩ አንስቶ ከነጥላቸው ቆርጦ ያወጣና ደማቅ ቀለም ላይ ብቻቸውን ያቆማቸዋል። በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አገኘበት፣ 10,000 ዶላር። ስልክ ነው፣ ቀለሙም የኮምፒዩተር ነው፣ ግን ስልኩ ነው የሠራው ያለው የለም። ቁጥር 25 ወዲያው ተነሳብኝ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ግን ተነሳብኝ። ግርማ ጀርባ አትደበቅ አለኝ። እሱ ለየትኛው ሰው የትኛው ቀለም እንደሚሆን ወስኗል፤ አንተ ለምን ብርቱካንማ መረጥክ ብትባል ምን ትላለህ?

ዝም ብዬ አሰብኩ። መልስ አልነበረኝም። አማረኝ ከማለት በቀር።

ደግነቱ 26 መጥቶ አዳነኝ። የእህቱ ልጅ ዲቪ ስትሞላ ፊት የሚያሳምር ፊልተር ያለበት ፎቶ ማስገባቷን ተናግሮ ችግር ያመጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ። 27 በኮምፒዩተር የተነካካ ፎቶ እንደማይፈቀድ፣ ፎቶው 600 በ600 ፒክስል መሆን እንዳለበት፣ መነጽርም ክልክል እንደሆነ አስረዳ። 28 ዲቪ መቼ ነው የሚከፈተው አለ። ክሩ ሊሄድብኝ ሲል ወደ ጉዳያችን እንመለስ አልኩ።

ቁጥር 29 አንድ ቀላል ነገር ጠየቀች። ፊልተር ያላረፈበትን አምጣውና ጎን ለጎን እንየው። ይህን ሁሉ ጊዜ ማናችንም አላሰብነውም። ቁጥር 30 እኔ ነኝ፤ ጥሬውን ለጠፍኩት።

ቁጥር 31 ማመን አልቻለም። ሰው ሁሉ የፊልተር ነው ያለው ብርቱካንማ ቀለም ጥሬው ላይም አለ። ከከሰሉ ፍምና ከመንገዱ መብራት የመጣ ነው። ቁጥር 10 የካፌ ግድግዳ ያለው ቀለም የመገናኛ መብራት ኖሯል! ጭሱም የራሱ ጭስ ነው። ፊልተሩ ያደረገው ነገር የራሰውን አስፋልት አረንጓዴ ወዳለው ሰማያዊ መውሰድና ጥቁሩን ይበልጥ ማጥቆር ብቻ ነው። ደስ አለኝ። ቁጥር 10ን ስሙን ጠርቼ ላሳየው መተየብ ጀምሬ ነበር።

ከመላኬ በፊት ቁጥር 32 ገባ። ያው ጨዋው ሠርግ አንሺ ነው። ጥሬው ላይ የሴትዮዋን ግራ እጅ እይ አለኝ። አየሁ። ክንዷ ተዘርግቷል፣ ጣቶቿ የዣንጥላውን እጀታ ጨብጠዋል፣ ዣንጥላው ወደ ከሰሉ አዘንብሏል፣ ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል። አሁን ፊልተር ያለበትን እይ አለኝ። አየሁ። እጁ የለም። ዣንጥላውም የለም። ጥቁር ዣንጥላ በጥቁር ምሽት ላይ ነበር፤ ፊልተሩ ጥቁሩን ሲያጠቁር አብሮ ውጦታል። የቀረችው በቆሎ የምትጠብስ ሴት ናት፤ እንደማንኛዋም በቆሎ የምትጠብስ ሴት። ቁጥር 32 አልተሳለቀም። ያነሳሃት ለዣንጥላው ብለህ ከሆነ ሲጠፋ እንዴት አላየህም ብሎ ጠየቀ፣ አበቃ።

ቁጥር 10 ልክ ነበር። ዣንጥላ የሚባል ነገር አይታይም። እኔ የማየው በትዝታዬ ነበር እንጂ ፎቶው ላይ አልነበረም። ዳኞቹም ሦስተኛ ያወጡት እጅ የሌላትን ሴት ነው። ቁጥር 10ን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አንድ የሳቅ ምልክት ላከልኝ።

ቁጥር 33 ጋሼ ናቸው። ልጃቸውን አስቀምጠው ሁለቱን ፎቶ እያስተላለፉ አይተዋል። ፊልተሩን ጨርሶ ማንሳት ሳያስፈልግ መቀነስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ይቻላል፣ ከሥሩ የሚንሸራተት ነገር አለ፤ እኔ እስከ ጥግ ነበር የወሰድኩት፣ ሲመጣ እንደዚያ ስለሆነ። ታክሲ ውስጥ የቀነስኩ የጨመርኩት ነገር የለም። እጇ እስኪመለስ ድረስ ቀስ እያልክ አውርደው፣ ስትመለስ እዚያው ጋ ተው አሉኝ። በጣቴ አወረድኩት። 70 ላይ ምንም የለም። 50 ላይ የዣንጥላው ጠርዝ እንደ ክር ታየ። 40 አካባቢ ጣቶቿ መጡ። አስፋልቱ ገና ሰማያዊነቱን አልለቀቀም። እዚያ ጋ ተውኩት። አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጅቶብኛል፣ አንገቴንም አሞኛል። ቁጥር 15 ይህን ቢያነብ ደስ ይለው ይሆናል።

አዲሱን ለጥፌዋለሁ። ባልደረባዬን ገና አላናገርኩትም፤ ስለ 1884 የተዘጋጀሁትን ንግግር ልተወው ወይ እያልኩ ነው።

ቁጥር 34 አዲስ ገቢ ነው። ከላይ ያለውን አላነበበም። ፎቶዋ አሪፍ ናት፣ የፊልተሩን ስም ንገረኝ ይላል።